የሚያደንቅ ዓይን ይጠብቃል

ብዙው የምሥራቅ አዲስ አበባ ሰው አውሮፕላንን የሚያውቀው በጆሮው ነው። ሌሊት ያጉረመርማል፣ የመስኮቱን መስታወት ያንቀጠቅጣል፣ ያልፋል። ከዚህ ሕዝብ መካከል ግን ድምፁን በሰሙ ቁጥር ቀና የሚሉ ጥቂቶች አሉ። የአቪዬሽን ተማሪ ሊሆን ይችላል፤ ጡረታ የወጣ መካኒክ፣ ወይም አብራሪ የመሆን ሕልም ያደረበት ጎረምሳ። አንዱ የርቀት መነጽር አለው፣ አንዱ ስልኩን ብቻ ይዟል። ሁሉም ግን አንድ ሙያ አላቸው፦ ለሌላው ሰው «አውሮፕላን» ብቻ የሆነውን ነገር በዝርዝር ማንበብ ይችላሉ።

ለዚህ ሙያ የካ አባዶ የተመቸ ስፍራ ነው። የቦሌ ኤርፖርት ሁለት መንደርደሪያዎች አሉት፤ አንዱ 3,700፣ ሌላው 3,800 ሜትር ይረዝማል። ጎን ለጎን ተዘርግተው የምሥራቅ ጫፋቸው ወደ ጎሮ ያመለክታል። ነፋሱ ከምሥራቅ ሲነፍስ አውሮፕላኖች ወደዚያው ይነሳሉ፤ ከምዕራብ ሲነፍስ ደግሞ በዚያው በኩል መጥተው ያርፋሉ፤ አውሮፕላን ሲነሳም ሲያርፍም ነፋስን ፊት ለፊት ይገጥማልና። የካ አባዶ ከዚህ መስመር በስተሰሜን፣ ተራራውን ተደግፎ የተቀመጠ ነው። ጎሮ ያለ ሰው ሆዳቸውን ያያል፤ ከሰፈሩ ኮንዶሚኒየም የላይኛው ፎቅ በረንዳ ወደ ደቡብ የሚመለከት ሰው ግን ጎናቸውን ያያል። የአውሮፕላን ቅርጽ ደግሞ የሚነበበው ከጎኑ ነው።

ንባቡ የሚጀምረው ከክንፍ ጫፍ ነው። ቦይንግ 787 ድሪምላይነር ሲያልፍ ክንፉ ጫፉ ላይ ወደ ኋላ እየተሳበ፣ እየቀጠነ ሄዶ ያልቃል፤ ቀና ብሎ የቆመ ተጨማሪ ክንፍ የለውም። ከክንፍ ሥር ያለው አየር በጫፉ በኩል ወደ ላይ ሲያመልጥ ሽክርክሪት ይፈጥራል፤ ሽክርክሪቱም ነዳጅ ይበላል። የጫፉ መቅጠንና ወደ ኋላ መሳብ ይህን ሽክርክሪት ያዳክመዋል። ኤርባስ ኤ350 ለዚሁ ችግር ሌላ መልስ ሰጥቷል፦ ጫፉን ያለ ማዕዘን፣ በአንድ ለስላሳ ጥምዝ ወደ ላይ አዙሮታል። ሁለት ፋብሪካዎች አንድ ጥያቄ ቀርቦላቸው ሁለት መልስ መስጠታቸውን፣ ሁለቱም መልሶች ማማራቸውን ከበረንዳ ላይ ቆሞ ማየት ይቻላል።

የድሪምላይነር ክንፍ ግን ከጫፉ አልፎ ሙሉውን ሊታይ የሚገባው ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ 60 ሜትር ነው። መሬት ላይ ቆሞ ሲታይ ቀጥ ያለ ነው፤ ሲነሳ ግን መላውን ሸክም ተቀብሎ ወደ ላይ ይቀለበሳል፣ ከፊት ለፊት የሚያየው ሰው አንድ ረጋ ያለ ቅስት ያያል። እንዲህ መታጠፍ የቻለው ከካርቦን ጭረት የተሠራ በመሆኑ ነው። የክንፉ ዋና አካል የሚሠራው በጃፓን፣ ናጎያ፣ በሚትሱቢሺ ነው። ቀጫጭን የካርቦን ጥብጣቦች በሙጫ ተነክረው ንብርብር ሆነው ይነጠፋሉ፤ አንዱ ንብርብር በርዝመቱ፣ ሌላው በአግድሙ፣ ሌላው በሰያፍ፣ ኃይል በሚመጣበት አቅጣጫ ሁሉ። መሶብ የምትሰፋ ሴት አክርማውን የምታጠብቅበትንና የምታሳሳበትን ቦታ በእጇ እንደምታውቀው፣ እዚህም ንብርብሩ ከክንፉ ሥር ይወፍራል፣ ወደ ጫፍ ይሳሳል። ከዚያ በታላቅ ምድጃ ውስጥ በግፊትና በሙቀት ይበስላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቦይንግ ክንፎቹን በአገልግሎት ዘመናቸው ከሚገጥማቸው ከፍተኛ ሸክም አንድ ተኩል እጥፍ ጭኖ ሲፈትናቸው 7.6 ሜትር ያህል ወደ ላይ ታጥፈው አልተሰበሩም። በየካ አባዶ ደቡብ የሚያልፈው ቅስት ያንን ፈተና ያለፈ ቅስት ነው። አፍሪካ ውስጥ ይህን አውሮፕላን መጀመሪያ የተቀበለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው፤ በነሐሴ 2004 ዓ.ም.።

ቀጥሎ ሞተሩ ይነበባል። የ787 ሞተር ሽፋን የኋላ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆረጠ ነው። ጥርሶቹ ከሞተሩ የሚወጣውን ፈጣን አየር ከውጭው ቀርፋፋ አየር ጋር ቀስ በቀስ ያዋሕዱታል፤ ድምፁ የሚቀንሰውም በዚህ ነው። ሌሊት የሚያልፈው ድሪምላይነር ከቀድሞዎቹ አውሮፕላኖች የለዘበ ድምፅ ካለው፣ አንዱ ምክንያት ይህ ጠርዝ ነው። ከሁሉም የሚገዝፈው ደግሞ የ777 ሞተር ነው። ጭነት የሚያመላልሱት የአየር መንገዱ 777ዎች ጂኢ90 የተባለውን ሞተር ይጠቀማሉ፤ የአየር መሳቢያው ማራገቢያ ብቻውን ከ3 ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ከነሽፋኑ ሲለካ የ737 አውሮፕላንን ገላ ያህላል። የዚህ ማራገቢያ አንድ ምላጭ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ምላጩን ያየ ሰው ሙዚየሙ ለምን እንደወሰደው አይጠይቅም። ሥሩ ላይ ጠበብ ብሎ ይጀምራል፣ መሐሉ ላይ ይሰፋል፣ ጫፉ ላይ ይጠመዘዛል። ጥምዙ አንድም ጌጥ የለውም። ሥሩ ቀስ ብሎ፣ ጫፉ ፈጥኖ ስለሚሽከረከር እያንዳንዱ ክፍል አየሩን በራሱ ማዕዘን መቁረጥ አለበት።

ከዚያ ጎማዎቹ አሉ፤ ለእነርሱ ወደ ጎሮ መውረድ ይሻላል። 777 በእያንዳንዱ ዋና እግሩ ላይ ስድስት ጎማ አለው፤ 787 አራት። ሁለቱም ለማረፍ ሲቃረቡ የኋላ ጎማዎቻቸውን ዝቅ አድርገው ያንጠለጥላሉ፤ መሬት የሚነካው መጀመሪያ የኋለኛው ነው። 767 ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ የፊት ጎማዎቹን ነው ወደ ታች የሚያዘነብለው። ይህን ያወቀ ሰው የጭነት 767ን ከሩቅ፣ ቀለሙ ሳይታየው፣ ጽሑፉን ሳያነብ ይለየዋል። 737 ደግሞ ከተነሳ በኋላም ጎማውን ሙሉ በሙሉ አይሸፍንም፤ ከሥር ሲታይ ሆዱ ላይ ሁለት ጥቁር ክቦች ይቀራሉ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲነደፍ ለአነስተኛ ኤርፖርቶች ታስቦ ወደ መሬት የቀረበ፣ ቀላልና ለጥገና የማያስቸግር እንዲሆን ተፈለገ፤ ስለዚህ ትልቅ የጎማ በር ቀረለት። ጎማው ራሱ ክዳን ሆነ፣ ዙሪያው በላስቲክ ተደፈነ። በር ከመጨመር ይልቅ በር አለመፈለግ፣ ይህም የብልህ እጅ ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ ብልሃት ቦሌ ላይ ከብዙው ዓለም የበለጠ ይፈተናል። ኤርፖርቱ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ክንፍ የሚደገፍበት አየር ሲያንስ አውሮፕላኑ ፈጥኖ መሮጥ አለበት፤ ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንሰዋል። ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ ለዓመታት ደብሊን ላይ ቆሞ ነዳጅ ይቀዳ የነበረው፣ ሲመለስ ግን ሳያርፍ በቀጥታ ይመጣ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ዝቅተኛው ምድር ላይ ሙሉ ነዳጅ ጭኖ መነሳት ይቻላል፤ እዚህ አይቻልም። በግንቦት 1976 ዓ.ም. የአየር መንገዱ አዲስ 767 ከዋሽንግተን ተነስቶ 12,082 ኪሎ ሜትር ሳያርፍ በርሮ አዲስ አበባ ሲገባ፣ በጊዜው ለባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ክብረ ወሰን ነበር። ስለዚህ ሙሉ ጭነት የያዘ አውሮፕላን ወደ ምሥራቅ ተነስቶ ረጅም መንደርደሪያውን እስከ ጫፉ ድረስ ሲጠቀምበት፣ ከዚያም ሳይቸኩል ሲወጣ የሚያይ ተመልካች ድካሙን አያይም። ልኩን ያየዋል፤ አብራሪው ክብደቱን፣ ሙቀቱን፣ ነፋሱን ቀድሞ አስልቶ ነው የተነሳው።

መጨረሻ የሚነበበው የምዝገባ ፊደሉ ነው። ጅራቱ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ላባዎች አሉ፤ ከኋላ አካባቢ ደግሞ ኢቲ ብለው የሚጀምሩ አምስት ፊደላት። አየር መንገዱ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በዳግላስ ሲ-47 ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ካደረገበት ዘመን አንስቶ እነዚህ ፊደላት የእያንዳንዱን አውሮፕላን ታሪክ ይሸከማሉ። የሠለጠነ ተመልካች ፊደሎቹን በደብተሩ ሲጽፍ አውሮፕላኑን እንደ አንድ ግለሰብ ይመዘግበዋል፤ መቼ መጣ፣ መቼ ተጠገነ፣ መቼ ከመንገደኛ ወደ ካርጎ ተቀየረ።

እዚህ ላይ የማይታዩት እጆች ይታሰባሉ። በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር አዲስ አበባ ውስጥ «ፀሐይ» የተባለችውን አውሮፕላን ሠራ፤ ጣሊያን ወሰዳት፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመለሰች። በ1979 ዓ.ም. አየር መንገዱ «እሸት» የተባለውን የእርሻ መርጫ አውሮፕላን መገጣጠም ጀመረ። ዛሬ ቦሌ የሚገኙ ቴክኒሻኖች ለቦይንግ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጥቅሎችን ያመርታሉ፤ በኮቪድ ዘመን ወንበር ነቅለው የመንገደኛ አውሮፕላኖችን ለጭነት ያዘጋጁትም እነርሱ ናቸው። ከሃንጋር የወጣ አውሮፕላን ፍላፑን አስተካክሎ፣ ጎማውን ቀጥ አድርጎ ሲያልፍ ተመልካቹ የሚያደንቀው ስሙን የማያውቀውን የሌሊት ተረኛ ነው።

ጥሩ ሥራን አንድ በአንድ የሚያውቅ ዓይን የተበላሸውንም መጀመሪያ የሚያይ ዓይን ነው። ጎማ በትክክል እንዴት እንደሚንጠለጠል ያላወቀ ሰው ተዛብቶ ሲንጠለጠል አይደነግጥም። የተለመደውን ድምፅ በጆሮው የያዘ ብቻ ነው ያልተለመደውን የሚለየው። ማድነቅና መጠበቅ ሁለት ሙያ አይደሉም።

ለዚህ የእኛው ሐዘን ምስክር ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ኢቲ-ኤቪጄ የሚል ፊደል የነበረው 737 ማክስ ከቦሌ ተነስቶ ከ6 ደቂቃ በኋላ ወደቀ፤ 157 ሰዎች አለቁ። አውሮፕላኖች ቦታቸውንና ከፍታቸውን በራዲዮ ያለማቋረጥ ያሰራጫሉ፤ ፍላይትራዳር24 የተባለው፣ በሁለት ስዊድናውያን የአቪዬሽን አፍቃሪዎች የተጀመረ አገልግሎት ይህን የሚሰበስበው በዓለም ዙሪያ ፈቃደኞች ጣሪያቸው ላይ በተከሏቸው መቀበያዎች ጭምር ነው። አደጋው በደረሰበት ዕለት አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ ሽቅብ ቁልቁል የሚልበት ፍጥነት ያልተረጋጋ እንደነበር ያሳየው የዚህ መረብ መረጃ ነው። ለፍቅር ብሎ መመልከት ለእውነት ፍለጋ የመጀመሪያ ክር አቀበለ።

ሌሎች አገሮች ይህን አስቀድመው አስተውለዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብሪታኒያ የክንፍና የጅራት ቅርጽ በቃላቸው የያዙ ፈቃደኛ ተመልካቾችን አሰማርታ ሰማይዋን አስጠበቀች። ዛሬ በካናዳ ኦታዋና በአሜሪካ ቺካጎ ኤርፖርት ዙሪያ አውሮፕላን አፍቃሪዎች ማኅበር አላቸው፤ ከፖሊስ ጋር ይሠራሉ፣ ከአጥሩ አጠገብ ያልተለመደ ነገር ሲያዩ ይጠቁማሉ። ፍቅራቸው ያልታወቀላቸው ቦታም አለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2001 በግሪክ ካላማታ 12 ብሪታኒያውያንና 2 ሆላንዳውያን ተመልካቾች በሰላይነት ተጠርጥረው ታሰሩ፤ ተፈረደባቸው፤ ከአንድ ዓመት በኋላ በይግባኝ ነጻ ወጡ። ልዩነቱ ሕግ ያወቃቸውና ሕግ ያላወቃቸው መሆናቸው ነው።

እኛም አገር ኤርፖርት ጥብቅ ስፍራ ነው፤ አጥር ሥር ካሜራ መደቀን ያስጠይቃል፤ ጥበቃው ግዴታውን ነው የሚወጣው። እዚህ ያሉ ወጣቶችም ይህን ስለሚያውቁ ከየሰገነታቸው ርቀው ያያሉ። ነገር ግን አዲሱ ታላቅ ኤርፖርት ቢሾፍቱ አቅራቢያ እየተገነባ ባለበት በዚህ ጊዜ ለእነዚህ ዓይኖች ቦታ ማሰብ አይከብድም። ለሕዝብ የተፈቀደ አንድ የመመልከቻ ሰገነት፣ ተመዝግበው መታወቂያ የሚይዙ ፈቃደኞች፣ ያዩትን የሚነግሩበት አንድ የስልክ ቁጥር ይበቃል። ጠባቂም ይገኛል፣ ነገ ሃንጋር የሚገባ ቴክኒሻንም ከዚያው ሰገነት ይወጣል። አፍሪካ ውስጥ የመጀመሪያውን ድሪምላይነር ያመጣ አገር፣ ሠራተኞቹ ሌሊቱን ያበጁትን ሥራ ቀን በዕውቀት የሚያደንቅ ሕዝብም ሊኖረው ይገባል።