ዝገትና ወዝ፦ ስለ አሮጌ የእጅ መሣሪያዎች እድሳት

በአዲስ አበባው መርካቶ ውስጥ ካሉት ተራዎች አንዱ ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው፤ ምናለሽ ተራ ይባላል። «ቁራሌው» እያሉ በየመንደሩ የሚዞሩ ወጣቶች የሰበሰቡት አሮጌ ዕቃ መድረሻው እዚያ ነው። ክዳኑ የጠፋ ድስት፣ ጥርሱ ያለቀ ሞረድ፣ እጀታው የተሰበረ መሮ፣ ስለቱ የዛገ መላጊያ በአንድ ክምር ላይ ይውላሉ። በዚያ ክምር ፊት ሁለት ዓይነት ገዢ ይቆማል። አንደኛው በኪሎ ይገዛል፤ ለእርሱ መላጊያውም ድስቱም ብረት ናቸው፤ መጨረሻቸውም ቀልጠው የግንባታ ብረት መሆን ነው። ሁለተኛው አንዱን ዕቃ አንሥቶ፣ ዝገቱን በአውራ ጣቱ ጠረግ አድርጎ፣ ከሥሩ የተጻፈ ነገር ይፈልጋል። ሻጩ የሁለተኛውን ገዢ ዓይን ካስተዋለ ዋጋውን ያስወድዳል፤ ካላስተዋለ ግን «አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት» የተባለው በእርሱ ላይ ይፈጸማል።

አሮጌ የእጅ መሣሪያን ከሁለተኛ እጅ ገበያ ፈልጎ መግዛትና አድሶ ወደ ሥራ መመለስ በአውሮፓና በአሜሪካ የብዙ ሰው ፍቅር ከሆነ ቆይቷል። በኢንተርኔት በሚሰራጩ ቪዲዮዎች አማካይነትም ፍቅሩ ወደ አፍሪካ ቀንድና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች እየዘለቀ ነው። ጉዳዩ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። እድሳት የራሱ ጣዕም፣ የራሱ ሥርዓትና የራሱ ስሕተት ያለው ጥበብ ነውና እንደማንኛውም ጥበብ ሊተች ይገባዋል። የሂሱ መነሻ አንድ ጥያቄ ነው፤ የታደሰው መሣሪያ ምኑ ተመለሰለት? ምኑስ ተወሰደበት?

መሣሪያ በመጀመሪያ የሚነበብ ነገር መሆኑን ማስተዋል ያሻል። ለምሳሌ በዓለም የሁለተኛ እጅ ገበያ በብዛት ከሚገኙት አንዱ የስታንሊ ፋብሪካ የብረት መላጊያ ነው። ሊዮናርድ ቤይሊ የተባለው አሜሪካዊ የፈለሰፈው ስልት ሲሆን፣ የስታንሊ ኩባንያ የፈጠራ መብቱን የገዛው እ.ኤ.አ. በ1869 ነው። በአንዳንዶቹ መላጊያዎች አካል ላይ የፈጠራ መብት የተመዘገበባቸው ቀናት በቀረጻ ይታያሉ። ሦስት ቀናት የተደረደሩበትና የመጨረሻው ሚያዝያ 1910 የሆነ መላጊያ ቢገኝ፣ የተሠራው ከዚያ ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት መሆኑን ዐዋቂ ይለየዋል። የፊላደልፊያው የዲስተን መጋዝ ደግሞ እጀታው ላይ በተተከለች ትንሽ የናስ ሜዳሊያ ዘመኑ ይታወቃል። በእንግሊዝ አገር የእንጨት መላጊያ የያዙ አናጺዎች ስማቸውን በግንባሩ ላይ በማኅተም ይመቱ ነበር፤ መላጊያው ከእጅ ወደ እጅ በተሻገረ ቁጥር ሁለትና ሦስት ስሞች ይደራረቡበታል።

ይህ ልማድ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በጥንታዊ የብራና መጻሕፍት ላይም የባለቤቱ ስም ይጻፋል፤ መጽሐፉ ለሌላ ሲተላለፍ የፊተኛው ስም ተፍቆ የኋለኛው ይተካበታል። ዛሬ የብራና ተመራማሪ ስሙ የተፋቀበትን ሥፍራ ሲያገኝ በብርሃን እያገላበጠ ሊያነበው ይታገላል። የመሣሪያ አዳሽ ግን ብዙ ጊዜ የሚፍቀው ራሱ ነው፤ ያውም በኤሌክትሪክ መሞረጃ።

የመጀመሪያው የእድሳት ዘይቤ የመስተዋት ዘይቤ ሊባል ይችላል። አዳሹ የዛገውን መላጊያ ይፈታል፤ በሚሽከረከር ብሩሽና በድንጋይ ይፍቃል፤ ቀለም ይቀባል፤ ናሱን ፊት እስኪያሳይ ይወለውላል። ውጤቱ ለዓይን ያምራል፤ ቪዲዮውም በዚያ ያበቃል። ነገር ግን ስለቱን ባልተጠነቀቀ መሞረጃ ያሞቀ ሰው መሣሪያውን አድሶ ሳይሆን ገድሎ ሊሆን ይችላል። የድሮ ስለት ጥንካሬውን ያገኘው በእሳት ግሎ፣ ድንገት በውኃ ወይም በዘይት ቀዝቅዞ፣ ቀጥሎም በልኩ ተመልሶ በመሞቁ ነው። ብረቱ ዳግመኛ ወደ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ጠርዙ ሰማያዊ ቀለም ያወጣል፤ ያ ሰማያዊ ያማረ ቢመስልም ጥንካሬው መላላቱን የሚናገር ምልክት ነው። ውልወላውም ቢሆን ሹል መሆን የሚገባውን ማዕዘን ያዶለዱማል፤ የሠሪውን ማኅተምና የባለቤቱን ስም ያደበዝዛል። እንዲህ ያለው እድሳት ትልቁ ጉድለቱ መሣሪያውን ከሥራው ይልቅ በመልኩ መመዘኑ ነው። አንድም ጊዜ ከጣውላ ላይ ቀጭን ፍቅፋቂ ሲያነሣ ያልታየ መላጊያ ታደሰ ሊባል አይችልም።

ሁለተኛው ዘይቤ የዚህ ተቃራኒ ነው። ምንም አይነካ፣ ዝገቱም ታሪክ ነው ይላል። ይህም ቢሆን ከስሕተት አያመልጥም። ዝገት ብረቱ ከአየርና ከእርጥበት ጋር ሲዋሐድ የሚመጣ ደዌ ነው፤ ካልተገታ ማኅተሙንም ስለቱንም አብሮ ይበላል። ታሪክ የሚባለው ሌላው ነው። በእጀታው ላይ አውራ ጣት ለዓመታት ያረፈችበት ጎድጓዳ፣ ከእጅ ላብና ከቅባት የተነሣ እንጨቱ ያወጣው ጥቁረት፣ በብረቱ ላይ የረጋው ጠቆር ያለ ገጽ ነው። አማርኛ ለዚህ የተዘጋጀ ቃል አለው፤ ወዝ ይለዋል። ዝገትን ከወዝ መለየት የእድሳት ጥበብ ሁሉ መጀመሪያ ነው። አንደኛው ዘይቤ ወዙን ከዝገቱ ጋር ይፍቃል፤ ሁለተኛው ዝገቱን ከወዙ ጋር ያከብራል።

በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ዝገቱ ቀላል ከሆነ በዘይት የራሰ ሻካራ ጨርቅ ወይም ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይበቃዋል። የጠነከረውን ብረት በኮምጣጤ ዘፍዝፎ፣ በየጊዜው አውጥቶ በብሩሽ እየቦረሹ ማየት ይገባል፤ ከልክ በላይ ከቆየ ኮምጣጤው ጤናማውንም ብረት ይበላልና። ከወጣ በኋላ ታጥቦ ወዲያው ካልደረቀና ዘይት ካልተቀባ ዝገቱ በሰዓታት ውስጥ ይመለሳል። መላጊያ ከሆነ ከስለቱ ጋር የሚታሰረው ደራቢ ብረት ያለ ክፍተት መግጠም አለበት፤ አለዚያ ፍቅፋቂው በመካከላቸው እየገባ ይወተፋል። ለእንጨቱ የተልባ ዘይት ይስማማዋል፤ ዘይቱን የጠጣው ጨርቅ ግን ተጨምድዶ ከተጣለ ከራሱ ሙቀት በእሳት ሊያያዝ ስለሚችል ተዘርግቶ መድረቅ አለበት። እጀታው ከጥገና ያለፈ እንደሆነ በወይራ እንጨት መተካቱ ነውር አይደለም። በፋብሪካው ቅጥ ካልሆነ የሚል ሰብሳቢ ቅር ሊለው ይችላል፤ ሆኖም የወይራው እጀታ መሣሪያው የት እንደ ደረሰና በማን እጅ እንደ ኖረ የሚናገር ቀጣይ ምዕራፍ ነው።

በዚህ አካባቢ ደግሞ ከሁለቱም ዘይቤዎች የቆየ ሦስተኛ ልማድ አለ። የገጠሩ ቀጥቃጭ ያለቀ ሞረድን ቢላዋ፣ የተሰበረ የመኪና ባሌስትራን መጥረቢያ ወይም ማጭድ ያደርገዋል። በአሥመራ መደበር የሚባለው ሠፈር አሮጌ በርሜልና ቁርጥራጭ ብረት ወደ ምድጃና ወደ ቤት ዕቃ የሚለወጥበት ሥፍራ ነው። በናይሮቢ ካሙኩንጂ የሚሠሩት ባለ እጆች በጠራራ ፀሐይ ውለው ስለሚሠሩ ሥራቸው ራሱ በስዋሂሊ «ጁዋ ካሊ» ይባላል፤ ትርጉሙም የምታቃጥል ፀሐይ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች የታደሰ መሣሪያን ለመደርደሪያ አያስቡትም፤ ለእነርሱ ብረት ሁልጊዜ በጉዞ ላይ ነው።

የአውሮፓ ሰብሳቢ የሼፊልድ ሞረድ ቀልቶ ቢላዋ ሲሆን ቢያይ ያዝናል፤ ቀጥቃጩ ግን ደስ ይለዋል። ማን ትክክል ነው? ነገሩን የሚፈርደው የመሣሪያው ሁኔታ ነው። ጥርሱ ያለቀ ሞረድ ሞረድነቱ አብቅቷል። በውስጡ ያለው ብረት ግን ካርቦኑ ከመቶ 1 እጅ ገደማና ከዚያም በላይ የሚደርስ፣ ስለት ለመያዝ የተፈጠረ ነው። ቀጥቃጩ አለስልሶ ሲቀጠቅጠውና መልሶ ሲያጠነክረው በብረቱ ውስጥ ያለውን ዕውቀት ያስቀጥላል። ገና መላግ የሚችለውን መላጊያ፣ ገና መቁረጥ የሚችለውን መጋዝ በኪሎ ሸጦ ወደ እቶን መላክ ግን ሌላ ነገር ነው። የቀድሞው ለውጥ ነው፤ የኋለኛው ጥፋት ነው። ሁለቱን በ«መልሶ መጠቀም» ስም አንድ አድርጎ ማወደስ በዚህ ጉዳይ ላይ በሚጻፉ ጽሑፎች የሚዘወተር ስሕተት ነው።

ለእድሳት የተሻለውን መለኪያ ለማግኘት ቱልስ ፎር ሰልፍ ሪላያንስ የተባለውን የእንግሊዝ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሥራ መመልከት ይጠቅማል። ከ1970ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ በጎ ፈቃደኞቹ ከየቤቱ የተጣሉ የእጅ መሣሪያዎችን እየሰበሰቡ፣ አድሰውና በየሙያው አደራጅተው ታንዛኒያንና ኡጋንዳን ወደመሳሰሉ አገሮች ልከዋል። የውጭ ስጦታ የአገር ውስጥ ቀጥቃጩን ገበያ ይሻማል ወይ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ በሌላ ጊዜ ሊመረመር ይገባዋል። ከእድሳት አንጻር ሲታይ ግን ሥራው አንድ ቁም ነገር ያስተምራል። አዳሹ ሣጥኑን በሚከፍተው የሩቅ አናጺ ዓይን መሥራት አለበት። ያ አናጺ የሚፈልገው የሚያንጸባርቅ መሮ ሳይሆን ከሣጥኑ እንደወጣ የሚቆርጥ መሮ ነው።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ግን ከእድሳት ዘዴ የጠለቀ ጉዳይ አለ። በኢትዮጵያ ጥሩ መሣሪያ በቀላሉ ወደ ቁርጥራጭ ክምር የሚወርደው ለምንድን ነው? «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» እንዲሉ፣ መሣሪያው የተናቀው ባለ እጁ ስለተናቀ ነው። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ፋቂው ለዘመናት ሲሰደቡና ሲገለሉ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው ችግሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ይመሰክራል። ዐዋጁ ስድቡን ከለከለ፤ ንቀቱ ግን በዕቃው ላይ ቀረ። የብር መስቀሉ በክብር ይቀመጣል፤ የቀረጸችው ትንሽ መሮ ግን ባለቤቷ ሲሞት ለቁራሌው ትሰጣለች። የጋፋት ሠራተኞች ለዐፄ ቴዎድሮስ የሠሩት ሴባስቶፖል መድፍ በእያንዳንዱ ተማሪ ይታወቃል፤ በምን መሣሪያ ተሠራ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከመሣሪያዎቹ ይልቅ ስሞቻቸው ዕድለኞች ናቸው። መጋዝ፣ መሮ፣ ወናፍ ከሚሉት ነባር ቃላት ጎን ለጎን ከጣሊያንኛ የገቡት ሞርሳ፣ ካቻቪቴና ፒንሳ እስከ ዛሬ በየጋራዡና በየእንጨት ቤቱ ይነገራሉ። ባለሙያው ከማን እንደተማረና በምን እንደሠራ ቋንቋው መዝግቦ ይዟል።

በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ የጠራቢዎቹ መሣሪያ የተወው ምልክት በብዙ ሥፍራ አሁንም ይታያል። ግድግዳው ይለስልስ፣ ምልክቱ ይጥፋ የሚል ሰው ቢመጣ አገር በአንድ ድምፅ ይቃወመዋል፤ ምልክቱ የሰው እጅ ነውና። ምልክቱን የሚተወው መሣሪያ ግን ሲፋቅ፣ ሲወለወልና ሲቀልጥ የሚቃወም የለም። በድንጋዩ ላይ የሚከበረው እጅ በእጀታው ላይም ሊከበር ይገባል።

ስለዚህ የጥሩ እድሳት መለኪያ ሦስት ነው ማለት ይቻላል። መሣሪያው ወደ ሥራው መመለስ አለበት፤ የያዙት እጆች ምልክት ሳይፋቅ መቆየት አለበት፤ የማን እንደነበረና ምን እንደሠራ የሚታወቀው ያህል ተጽፎ አብሮት መሄድ አለበት። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚረሳ፣ ነገር ግን ከአንድ ብጣሽ ወረቀት በላይ ወጪ የሌለው ነው። አሮጌ አናጺ ዕቃውን ሲሸጥ ገዢው ዋጋ ከመከራከሩ በፊት ይህን ቢጠይቀው ግማሹ እድሳት ተፈጸመ ማለት ነው።

አንድ ወቀሳ ደግሞ ለራሱ ለዐዋቂው ገዢ ይቀራል። ምን እንዳገኘ እያወቀ ዝም ብሎ በኪሎ ዋጋ ገዝቶ የሚሄድ ሰው ለዛሬ አንድ መላጊያ ያተርፋል፤ ለነገ ግን ብዙ መላጊያዎችን ያጣል። በመሣሪያውና በእቶኑ መካከል የቆመው ሙዚየሙ ወይም ሰብሳቢው አይደለም፤ ጆንያውን አዝሎ በየበሩ የሚጣራው ወጣት ነው። ያ ወጣት የዕቃውን ስምና ዋጋ ካወቀ ለይቶ ያስቀምጠዋል፤ ካላወቀ ከድስቱ ጋር አብሮ ይጥለዋል። ምን እንደያዘ የነገረውና ተገቢውን የከፈለው ገዢ፣ ገና ያልተገኙትን መሣሪያዎች ከወዲሁ ማደስ ጀምሯል።