ስለ ሁለት ገደሎች፤ የስብከት ምሳሌና የሰባኪው ሃይማኖት

የስብከት ቃል ሰውን የሚረታው በጣፋጭነቱ ብቻ አይደለም፤ የሰባኪው ሃይማኖት በምሳሌው ተሠውሮ ወደ ልብ ስለሚገባ ነው። የቅኔ ተማሪ ሰሙን አይቶ ወርቁን እንደሚፈልግ፥ የስብከት ሰሚም ምሳሌውን ሰምቶ ትምህርቱን ሊመረምር ይገባዋል። ለዚህም ሁለት የመውደቅ ምሳሌዎችን እናነጻጽር፤ አንዱ ከአሜሪካ፥ ሁለተኛው የወላይታ ሰው ከሚያውቀው ከዳሞት ታሪክ ነው።

የፑሪታኖች ትምህርት ወራሽ የነበረው ዮናታን ኤድዋርድስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1741 ዓ.ም. ኤንፊልድ በምትባል ከተማ «ኃጢአተኞች በተቈጣ አምላክ እጅ» የተባለውን ስብከት አሰማ። መነሻው በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 32 ቍጥር 35 የተነገረው የእግር መሰናከል ነው። ሰሚውን በእሳት ላይ እንደ ተያዘ ሸረሪት፥ በበሰበሰ ርብራብ ላይ እንደሚሄድ መንገደኛ አድርጎ ያሳየዋል፤ የእግዚአብሔርንም ቍጣ በተገደበ ውሃና በተሳበ ቀስት ይመስለዋል። ሰሚዎቹም እጅግ ስለ ጮኹ ሰባኪው ዝም እንዲሉ ለመለመን ተገደደ።

ኀይሉ ከወዴት መጣ? ምሳሌዎቹ ሁሉ ከሰሚው እግር በታች ያለውን መሬት ስለሚነሡ ነው። ፑሪታኖች ሰው በምግባሩ አይድንም፥ የሚድኑትንም እግዚአብሔር አስቀድሞ መርጧል ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ ሰባኪው የሰሚውን ጤንነት፥ ጥንቃቄና ጨዋነት አንድ በአንድ ይነጥቀዋል። እስካሁን ያልወደቀው የእግዚአብሔር እጅ ስለ ያዘው ብቻ ነው፤ ያም እጅ የተቈጣ ነው፥ ይዞ ለመቆየትም ቃል ኪዳን አልገባለትም። በስብከቱ ፍጻሜ የምሕረት በር መከፈቱን መናገሩን አንክድም፤ ነገር ግን በሩ የሚታየው ፍርሃቱ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ነው።

ገድለ ተክለ ሃይማኖት ደግሞ የዳሞት ንጉሥ ሞተለሚ ጻድቁን ወደ ገደል እንዳስወረወረው፥ ቅዱስ ሚካኤልም እንዳዳነው ይተርካል። በዚህም ገደል አለ፥ ሞትም አለ፤ ከበታች ግን የሚቀበል ተልኳል። በፍጻሜውም የሚያምነው ያስወረወረው ንጉሥ ነው። ኤድዋርድስ ሰሚውን በራሱ መውደቅ ያስፈራዋል፤ ገድሉ የሌላውን መዳን አሳይቶ ይስበዋል። ሆኖም የገድሉ ሰሚ «የተወረወረው ጻድቅ ነው፥ እኔ አይደለሁም» ብሎ ሊዘናጋ ይችላል። ኤድዋርድስ ይህን ማምለጫ ለማንም አልተወም፤ በዚህ ይበልጣል።

ንጽጽሩ ለሶዶ ሰው ሩቅ አይደለም። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሲዮን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. ወደ ወላይታ ከገባ ወዲህ የወንጌላውያን ስብከትና የእኛ ስብከት በአንድ አገር ይሰማሉ። በጣልያን ወረራ ዘመን፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1937 ዓ.ም. ሚሲዮናውያኑ ከወጡ በኋላ፥ ያን ትምህርት ያስፋፉት ወላይትኛ የሚናገሩ የአገሩ ልጆች ናቸው፤ ቃል የሚዘልቀው በሰሚው አንደበት ሲነገር ነውና።

እንግዲህ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ለሚኖር ሰው ሰባኪ ገደልን ምሳሌ ቢያደርግ ማብራሪያ አያሻውም፤ ሰሚው ገደልን ያውቃል። ሰባኪው ሊመረምር የሚገባው፥ ምሳሌውን ከሌላ ሲዋስ፥ ለሚወድቀው ሰው ከገደሉ በታች ምን እንዳኖረለት ነው።