የእንግዳ ተማሪ ዕዳ

ወጣቶች ሆይ፤ ዕውቀትን ለመፈለግ ባሕር ተሻግሮ መሄድ የሚያስመሰግን ነገር ነው። እኔም ዛሬ የምነቅፈው መንገዱን አይደለም፤ በመንገዱ ላይ የቆመውን ኬላ ነው እንጂ።

የእኅቴ ልጅ ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር በተነሣ ጊዜ አባቱ የሚኖርበትን ቤት አስይዞ ገንዘብ ተበደረ። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ መረቀ፤ እኔም ከመራቂዎቹ አንዱ ነበርሁ። ልጁ ግን ዓመት ሳይሞላው ታመመና ትምህርቱን አቋርጦ ተመለሰ። እርሱ ትምህርቱን ቢያቋርጥም ዕዳው አላቋረጠም፤ በየወሩ የአባቱን ደጅ ይመታል።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን መረመርሁ። እንግሊዞች ከውጭ አገር ተማሪ አብልጠው ማስከፈል የጀመሩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ የአገሬው ተማሪ 70 ፓውንድ ሲከፍል እንግዳው 250 ይከፍል ነበር። በ1980 ደግሞ እንግዳው የትምህርቱን ሙሉ ወጪ እንዲችል ተደረገ። ምክንያታቸውም «የእንግዳው አባት ለእኛ ግብር አልከፈለም» የሚል ነው።

ይህ ቃል እውነት አለበት። ነገር ግን የአገሬው ተማሪ ክፍያ በ2012 እስከ 9,000 ፓውንድ፥ በ2025 እስከ 9,535 ፓውንድ ብቻ እንዲሆን በሕግ ሲወሰን፥ ለእንግዳው ክፍያ ወሰን አልተደረገለትም። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎቹ የጎደለባቸውን ከእንግዳው በሚያተርፉት ይሞላሉ። እንግዳ የራሱን ወጪ ቢከፍል ተገቢ ነው፤ የባለቤቱን ጉድለት መሙላት ግን የእንግዳ ግዴታ አይደለም።

ከዋጋውም ይልቅ የሚያሳዝነው የብድሩ ልዩነት ነው። የአገሬው ተማሪ ከመንግሥት ይበደራል። ሥራ ይዞ ገቢው ከተወሰነው መጠን ሲያልፍ፥ ካለፈው ላይ ከመቶ 9 ይከፍላል፤ ገቢ ባይኖረው ግን አይጠየቅም። ከ2023 ኦገስት ወዲህ ትምህርት ለጀመሩትም ከ40 ዓመት በኋላ የቀረው ዕዳ ይሰረዝላቸዋል። ለትምህርት ብቻ የመጣ እንግዳ ግን ይህን ብድር አያገኝም። እርሱ የሚበደረው ከዘመድና ከባንክ ነው፤ ይህም ዕዳ ታመምሁ ቢሉት አይሰማም። በአንድ ወንበር ከተቀመጡት ሁለት ተማሪዎች አንዱን ቢወድቅ ሕግ ያነሣዋል፤ ሌላው ቢወድቅ ቤተሰቡን ይዞ ይወድቃል።

ነቀፌታዬ ግን ለሻጩ ብቻ አይደለም። ዋጋ ሳንጠይቅ የምንመርቅ እኛ ዘመዶችም እንነቀፋለን። «ትምህርቱ ቢቋረጥ የተከፈለው ይመለሳልን? ባይመለስ ዕዳው ከምን ይከፈላል?» ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም። በጀርመን አገር አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለኑሮ የሚበቃ ገንዘብ አስቀድሞ መታየት ቢኖርበትም ከውጭ አገር ተማሪ የትምህርት ዋጋ እንደማይጠይቁም ለልጁ አልነገርሁትም፤ አልጠየቅሁምና አላወቅሁም ነበር።

አባቱ እስከ ዛሬ ልጁን አንድ ቃል አልወቀሰውም። ልጁ ግን ከአባቱ ጋር በአንድ ማዕድ ለመቀመጥ ያፍራል። እናንተ ወጣቶች፥ ለመማር ተጣጣሩ፤ ነገር ግን አባታችሁ በመያዣው ወረቀት ላይ ሳይፈርም አስቀድማችሁ ከእርሱ ጋር ቁጭ ብላችሁ ቍጠሩ።