ፀጉር በጨዋማ ከተማ፦ የተፈጥሮ ፀጉር አያያዝ በጅቡቲ

ስለ ጥቁር ሕዝቦች የተፈጥሮ ፀጉር የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በማንነትና በውበት ዙሪያ ይሽከረከራል። አንዱ ወገን ፀጉርን በኬሚካል ማለስለስ ራስን መካድ ነው ይላል፤ ሌላው የግል ምርጫ ነውና ማንንም አያገባም ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ወገኖች ፀጉሩ የሚታጠብበትን ውኃ፣ የሚነፍስበትን አየርና የሚቀባውን ነገር ምንነት ብዙም አይጠይቁም። እነዚህ ጥያቄዎች ከጅቡቲ ከተማ ይልቅ ጎልተው የሚታዩበት ቦታ በአካባቢያችን ማግኘት ያስቸግራል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም ከዚያው ይነሣል፦ በጅቡቲ ከርዳዳ ፀጉር “አስቸጋሪ” የሚባለው በአብዛኛው ውኃውና ሙቀቱ ባደረሱበት ጉዳት ነው፤ ማለስለሻ ኬሚካል ደግሞ ለዚህ ጉዳት መፍትሔ መስሎ ይሸጣል፤ ጉዳቱን ግን ከፀጉር አልፎ ወደ ሰውነት ያደርሰዋል።

የተጠቀለለ ፀጉር አግድም ተቆርጦ በማጉያ መነጽር ሲታይ ቅርጹ ከክብ ይልቅ ሞላላ ነው። ከራስ ቆዳ የሚመነጨው ቅባት በሉጫ ፀጉር ላይ በቀላሉ እስከ ጫፍ ይወርዳል፤ በጥቅልል ፀጉር ላይ ግን በየመታጠፊያው ይገታል። በዚህ ምክንያት ጫፉ ይደርቃል፤ በመታጠፊያውም ላይ ቶሎ ይሰበራል። ጅቡቲ ይህንን ድርቀት የምታባብስ ከተማ ናት። በሐምሌ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ ኻምሲን የሚባለው የበረሃ ነፋስ ቆዳንም ፀጉርንም ያደርቃል፤ ቀዝቀዝ በሚሉት ወራት ደግሞ አየሩ የባሕር እርጥበት ይሸከማል። የከተማዋ የጉድጓድ ውኃ ለረጅም ዘመን በጨዋማነቱ ሲያስቸግር ኖሯል። ኢትዮጵያ ከሽንሌ አካባቢ ከሀዳጋላ በቀን እስከ 100,000 ሜትር ኩብ ውኃ በቧንቧ እንድትልክ የተደረገው ስምምነት ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ዶራሌ ላይ የባሕር ውኃን ጨው የሚለይ ጣቢያ መተከሉም የችግሩን ጥልቀት ያሳያል። ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ውኃ ከሳሙና ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ዝቃጭ ይፈጥራል። ዝቃጩ በፀጉሩ ላይ ሲቀር ፀጉሩ ይሻክራል፤ ማበጠሪያ አላሳልፍ ይላል። የፀጉሩ ባለቤት ግን ውኃውን ሳይሆን ፀጉሯን ትወቅሳለች። ቀጣዩ እርምጃ የውበት ሳሎን ነው።

በሳሎኑ የሚጠብቃት ሪላክሰር የሚባለው ማለስለሻ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወይም በጓኒዲን ሃይድሮክሳይድ ነው። ሁለቱም ብርቱ አልካሊ ናቸው፤ የጤናማ ቆዳ ፒኤች 5.5 አካባቢ ሲሆን የእነዚህ ብዙውን ጊዜ ከ12 በላይ ነው። ሥራቸው የፀጉሩን ፕሮቲን አጥብቀው የያዙትን የሰልፈር ማሰሪያዎች መበጠስ ነው፤ አንዴ የተበጠሰው ተመልሶ አይገጥምም። የተቃጠለ የራስ ቆዳ፣ የቆሰለ ጠርዝና የሳሳ ፀጉር ከዚሁ የሚመጡ የታወቁ ጉዳቶች ናቸው። ከዚህ የከበደ ጥርጣሬ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ተመራማሪዎች 33,497 ሴቶችን ለ11 ዓመት ገደማ ተከታትለው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከአራት ጊዜ በላይ ማለስለሻ በተጠቀሙት ላይ የማሕፀን ካንሰር የመከሰት ዕድሉ ካልተጠቀሙት ከእጥፍ በላይ ሆኖ አገኙት። እስከ 70 ዓመት ዕድሜ ድረስ በሽታው የመያዝ ዕድሉ ለማይጠቀሙት 1.64 በመቶ፣ ደጋግመው ለሚጠቀሙት 4.05 በመቶ እንደሆነ ገምተዋል። “ኬራቲን” እየተባሉ ከሚሸጡት ማለስለሻዎች አንዳንዶቹ ደግሞ ሲሞቁ ፎርማልዴሃይድ ይለቃሉ፤ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ይህንን ጋዝ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት መድቦታል። በጅቡቲ ሙቀት በርና መስኮቱን ዘግቶ በአየር ማቀዝቀዣ ያንኑ አየር በሚያዞር ጠባብ ክፍል ውስጥ ይህ ጋዝ ከደንበኛዋ ይልቅ ቀኑን ሙሉ እዚያ የምትውለውን ፀጉር ሠሪ ይጎዳል። ስለ ፀጉር ጤና ሲወራ የሠራተኛዋ ሳንባ እምብዛም የማይነሣው ለምን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጥናቱ በአሜሪካ የተደረገ ነው፤ ዝምድናን እንጂ መንስኤን አያረጋግጥም የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው እውነት አለው፤ አንድ የክትትል ጥናት ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ሆኖም የኬሚካሉ አሠራር በአገር አይለያይም፤ የተቃጠለ የራስ ቆዳ ለሚቀባው ነገር ሁሉ በሩን ይከፍታል። ማረጋገጫው እስኪመጣ መጠበቅ የሚያስከፍለው ዋጋም እኩል አይደለም፦ ማለስለሻን መተው ለጤና የሚያስከትለው ጉዳት የለም፤ መቀጠሉ ግን ሊያስከትል ይችላል።

ወደ ነባሩ አያያዝ ስንመለስ መመዘኛው መለወጥ የለበትም። በሶማሌዎች ዘንድ ቀሲል የሚባለው የቁርቁራ ቅጠል ዱቄት ለፊትም ለፀጉርም ያገለግላል። ቅጠሉ ሳፖኒን ስላለው ከውኃ ጋር ሲመታ አረፋ ያወጣል፤ ቅባትንም ያነሣል። በበረሃ የሚበቅል ዛፍ ለበረሃ ሰው ያበረከተው መታጠቢያ ነው፤ ክብር ይገባዋል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲጀር እ.ኤ.አ. በ1933 እና በ1934 የአፋርን ምድር አቋርጦ ታጁራ ሲደርስ ያነሣቸው ፎቶግራፎች የአፋር ወጣት ወንዶች የፀጉራቸውን ጥቅልል ምን ያህል ተጠብበው ይይዙት እንደነበር ይመሰክራሉ። ቅቤ ግን ጥንቃቄ ይሻል። በደጋው አየር ለጋ ቅቤ በራስ ላይ ረግቶ ይቆያል፤ በጅቡቲ ሙቀት ወዲያው ቀልጦ ግንባር ላይ ይወርዳል፤ ቶሎም ይሻግታል። ፎረፎር ያለበት ሰው ደግሞ ቅባት በራስ ቆዳው ላይ ሲያበዛ በቅባቱ የሚመገበውን ፈንገስ ይቀልባል። ስለዚህ ቅቤው ቢቀባ እንኳ ለጫፉ ይሁን እንጂ ለራስ ቆዳው አይመከርም። ሹሩባም ቢሆን ከነቀፋ አያመልጥም። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የቆዳ ሐኪም ኖንህላንህላ ኩማሎና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ከመረመሯቸው አዋቂ ሴቶች 31.7 በመቶው ፀጉር ተወጥሮ በመሳቡ የሚመጣ የፀጉር መርገፍ ነበረባቸው፤ አደጋው ከሁሉ የሚበረታውም በሪላክሰር በለሰለሰ ፀጉር ላይ ውጥረት ሲታከልበት ነው። ባህሉ የሚድነው ሹሩባው ላላ ብሎ ሲሠራ ነው፤ የሚያም ሹሩባ ቢያምርም ልክ አይደለም።

በጅቡቲ አብዛኞቹ ሴቶች ሙስሊሞች ናቸው፤ ፀጉራቸውንም ይሸፍናሉ፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ለማን ነው የሚል ጥያቄም ይኖራል። የሚሸፈን ፀጉር ግን ጤናው የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። እርጥብ ሳለ የተሸፈነ ፀጉር በዚያ ሙቀት ለፈንገስ ይመቻል፤ ከሻሹ ሥር አጥብቆ መቋጠር ጠርዙን ያረግፋል። እንዲያውም ፀጉሩ ከሰው ዓይን መሰወሩ ለመልክ ብሎ የማለስለሱን ምክንያት ያዳክማል። ከዚህም በላይ በካውያ የተተኮሰ ፀጉር በባሕር እርጥበትና በላብ ወዲያው ወደ ጥቅልሉ ይመለሳል፤ ስለዚህ ሴቲቱ ከላብ ትሸሻለች። በሰሜን ካሮላይና 103 ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶችን የጠየቀና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት፣ ከአሥሩ አራት የሚሆኑት ለፀጉራቸው ሲሉ የአካል እንቅስቃሴ የሚተዉበት ጊዜ እንዳለ አሳይቷል። ስኳርና የደም ግፊት በሚያሰጉበት ዘመን ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

የአፍሪካ ቀንድ ሰው ፀጉሩ ለስላሳ ነው፣ ይህ የሌሎች ጥቁሮች ክርክር ነው የሚለው አስተያየት ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ ሉጫውም ከርዳዳውም አብረው ያድጋሉ። ከርዳዳ ፀጉር ያላቸው የጁባና የሸበሌ ሸለቆ አርሶ አደሮች በሶማሌ ማኅበረሰብ ውስጥ በፀጉራቸው ተለይተው ሲገፉ መኖራቸው የታወቀ ነው፤ በአማርኛም ዞማ ፀጉር ሲወደስ ከርዳዳው መቀለጃ ሆኖ ቆይቷል። ልጅቱ ገና በሕፃንነቷ ፀጉሯ ጥፋት እንደሆነ ከሰማች ምክር ብቻውን ከሪላክሰሩ አይመልሳትም። የፈረንሳይ ብሔራዊ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 በፀጉር ምክንያት የሚደረግ መድልዎን የሚከለክል ረቂቅ አጽድቋል። ጅቡቲም ሆነች ኢትዮጵያ ትምህርት ቤትንና መሥሪያ ቤትን በዚህ ዓይን ቢመረምሩ ይበጃል።

ውድነቱስ? ቀሲልና ላላ ያለ ሹሩባ ከሪላክሰር አይወደዱም፤ የሚጠይቁት ጊዜን ነው፤ ጊዜ ደግሞ ለሠራተኛ ሴት ገንዘብ ነው። ስለዚህ ሸክሙን ሁሉ በእሷ ላይ መጣል ፍትሐዊ አይሆንም። የኢትዮጵያ ገቢ ዕቃ አብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ ወደብ ነው፤ የመዋቢያ ምርቶችም በዚያው ይገባሉ። በኢትዮጵያ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የመዋቢያ ምርቶችን ይመለከታል። የሁለቱ አገሮች ተቆጣጣሪዎች ፒኤቹና ማስጠንቀቂያው ገዢዋ በምታነብበት ቋንቋ፣ በአማርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛና በአረብኛ እንዲጻፍ ማስገደድ ይችላሉ። የኬሚካሉን ሌላ ስምም ማወቅ አለባቸው፦ በአሜሪካ “ከፎርማልዴሃይድ ነፃ” ተብለው ከተሸጡት ማለስለሻዎች ውስጥ ሜቲሊን ግላይኮል ተገኝቷል፤ ይህም ፎርማልዴሃይድ በውኃ ውስጥ ሲሟሟ የሚይዘው መልክ ነው። በመለያው ላይ ፎርማልዴሃይድ የሚለውን ቃል ብቻ የሚፈልግ ተቆጣጣሪ ዕቃውን ንጹሕ ነው ብሎ ያሳልፈዋል።