የነቢዩ አዩብን አስታማሚ ለምን ረሳን?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

በመካከላችን ሰው ሲታመም ከሁሉ በፊት የሚነሳው ቂሷ የነቢዩ አዩብ (ዐ.ሰ.) ነው። በኹጥባም፣ በደርስም፣ ሕመምተኛ ሲጠየቅም «እንደ አዩብ ሶብር አድርግ» ይባላል። ምክሩ ትክክል ነው፤ አነጋገራችን ግን ጎዶሎ ነው። የምንናገረው ስለ አንድ ታማሚና ስለ ትዕግሥቱ ብቻ ነው፤ አስታማሚዋን እንዘላለን።

ነገሩን ከምንጩ እንመልከት። ከአነስ (ረ.ዐ.) በተላለፈውና ኢብኑ ሒባን በዘገቡት ሐዲስ መሠረት ሕመሙ 18 ዓመት ቆየ። ቅርብም ሩቅም ሸሻቸው። ይጠይቋቸው የነበሩት ሁለት ወንድሞቻቸው ብቻ ነበሩ። ባለቤታቸው ግን ለመጸዳዳት ሲወጡ እጃቸውን ይዘው ወደ ቦታቸው ይመልሷቸው ነበር። ከሁለቱ ጠያቂዎች አንዱ ምን አለ? አዩብ ማንም ያልሠራውን ወንጀል ቢሠሩ ነው እንጂ ይህን ያህል ዘመን አላህ ሳያዝንላቸው አይቀርም ነበር ሲል ለጓደኛው ተናገረ።

ይህ ንግግር ዛሬም በመካከላችን አለ። ከጓሳ ዙሪያ፣ ከመንዝና ከግሼ ደጋ፣ ሚስቱን ለካንሰር ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ይዞ የሚሄደውን ሰው አስቡ። የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ1997 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ በኋላ ለሃያ ዓመታት ያህል በአገሪቱ ሌላ ቦታ አልነበረም፤ ጅማን የመሳሰሉት የተጨመሩት በቅርብ ዓመታት ነው። ኬሞቴራፒ የሚባለው መድኃኒት ብዙውን ጊዜ በየ21 ቀኑ ይሰጣል። ካንሰሩን ሲወጋ ነጭ የደም ሴልንም ይቀንሳል። ስለዚህ ባልና ሚስት ያን ሁሉ መንገድ ተጉዘው፣ ደም ተመርምሮ፣ «ሴሉ አንሷል፤ ከሳምንት በኋላ ተመለሱ» ሊባሉ ይችላሉ። ይህ የመድኃኒቱ ጠባይ እንጂ የኢማን ጉድለት አይደለም። ጎረቤት ግን «ሕክምናው እምቢ ያላት አንድ ነገር ቢኖርባት ነው» ይላል። በአፉ አዩብን ያወድሳል፤ የሚደግመው ግን የዚያን ጠያቂ ቃል ነው።

ሁለተኛው የምንዘለው ነገር የሣሩ እስር ነው። በሱረቱ ሷድ (38፡44) ስለተጠቀሰው መሐላ ሙፈሲሮች ሲያብራሩ፣ ነቢዩ አዩብ በሕመማቸው ጊዜ በባለቤታቸው ተቆጥተው መቶ ጊዜ ሊመቷቸው ምለው ነበር ይላሉ። ከዳኑ በኋላ አላህ አንድ እስር ሣር ይዘው አንዴ እንዲመቱበትና መሐላቸውን እንዳያፈርሱ አዘዛቸው። የጓሳን ሣር አጭዶ ቤት የከደነ ሰው በአንድ እስር ውስጥ ስንት ዘለላ እንዳለ ያውቃል፤ መቶው በአንድ ጊዜ አለቀ። ኢብኑ ከሲርም እንዲያ ላገለገለችና ለራራች ሴት ዋጋዋ ዱላ ሊሆን አይገባም ሲሉ አብራርተዋል። እንግዲህ በሕመም መካከል ቁጣ እንደሚመጣ ቂሷው ራሱ ነግሮናል። ቀጠሮዋ የተዛወረባት፣ ፀጉሯ የረገፈ ሚስት ሾርባውን ገፍታ «ተወኝ!» ብትል ባል ቂም አይያዝባት።

«ማስታመም የሴት ሥራ ነው» ለሚል ደግሞ ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ.) መልስ ናቸው። የሩማን ጉድጓድ መግዛታቸውንና ለተቡክ ዘመቻ መለገሳቸውን ሁላችንም እናነሳለን። በ2ኛው ዓመተ ሒጅራ (624 እ.ኤ.አ.) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ በድር ሲወጡ ዑስማንን የታመሙ ሚስታቸውን ሩቅያን እንዲያስታምሙ መዲና እንዳስቀሯቸው ግን ስንቶቻችን እንናገራለን? በድር የዋለ ሰው አጅርና ድርሻም ተሰጣቸው። ሩቅያ አልዳኑም፤ የድሉ ብሥራት መዲና ሲገባ በመቀበር ላይ ነበሩ። አጅሩ ግን አልቀረም፤ የተሰጠው ለማስታመሙ እንጂ ለመዳናቸው አልነበረምና።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ኬሞ በጀመረ ሕመምተኛ ላይ ትኩሳት 38 ዲግሪ ሲደርስ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ወደ ሐኪም መውሰድ ሶብር ነው። ቀጠሮ ሲተላለፍ ሳይማረሩ እንደገና ጓዝ መሸከፍ ሶብር ነው። አስታማሚውን አንድ ሌሊት ተክቶ ማስተኛትም ከዘመድ የሚጠበቅ ሶብር ነው።

ኹጥባ የምታደርጉ ወገኖቻችን ሆይ! ወደፊት የነቢዩ አዩብን ቂሷ ስትነግሩን እጃቸውን ይዘው የመለሷቸውን ሴት አትዝለሉብን።

ወላሁ አዕለም።