ሳሎኑ የማን ነው? የአማርኛ ፊልምና የውጭ ተጽዕኖ ክርክር

የአማርኛ ፊልም በተነሳ ቁጥር አብሮ የሚነሳ ክስ አለ፦ ኩረጃ ነው። ታሪኩ ከሆሊውድ፣ እንባው ከሕንድ፣ አሁን አሁን ደግሞ ሴራውና ቅናቱ ከቱርክ መጥቷል ይባላል። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማሰራጨት ሲጀምር ከሙያው ሰዎች የተሰማው ተቃውሞም የዚሁ ክስ ሌላ መልክ ነበር። ክሱ ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ ግን የሚፈልገውን ነገር በሌለበት ቦታ ይፈልጋል። ታሪክማ ድሮም ሲዋዋስ የኖረ ነው። የፊልም ዜግነት የሚታወቀው ካሜራው የማን ቤት ገብቶ የት እንደቆመ ሲጠየቅ ነው።

ዘር እንቁጠር ካልን መነሻችን ራሱ ያስቸግረናል። የመጀመሪያው ረጅም የአገራችን ፊልም የሚባለው «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» (1957 ዓ.ም.) ድርሰቱ የኢላላ ኢብሳ ቢሆንም ዳይሬክት ያደረገው ግሪካዊው ላምብሮስ ጆካሪስ ነው። «ጉማ»ን (1966 ዓ.ም.) የሠራው ሚሼል ፓፓታኪስም የግሪክ ዝርያ ያለው ሰው ነው። ለአገር ውስጥ ፊልም የተቋቋመው የጉማ ሽልማት ስሙን ከዚሁ ፊልም ሲወስድ «ባዕድ ነው» ያለ አልነበረም፤ ሊኖርም አይገባም ነበር።

ብራዚሎች በዚህ ጉዳይ ከእኛ ቀድመው ተጨቃጭቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና 50ዎቹ ሕዝቡ ሻንሻዳ የሚባለውን የዘፈንና የቀልድ ፊልም ለማየት ሲጋፋ ምሁራኑ አፍንጫቸውን ይዘው አለፉት። የአሜሪካኑን የካውቦይ ፊልም «ሃይ ኑን»ን እየቀዳ የሚያላግጥ ሻንሻዳ በ1954 ወጥቷል። ከዚያ ሲኔማ ኖቮ የሚባለው የፊልም እንቅስቃሴ መጣ፤ ግላውበር ሮሻ በ1965 በጻፈው መግለጫ ረሃብ ራሱ የፊልም ቋንቋ መሆን አለበት ብሎ ተነሳ። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ሐያሲው ፓውሎ ኤሚሊዮ ሳሌስ ጎሜስ በ1973 ያቀረበው ሐሳብ ነው። ብራዚላዊ መኮረጁንም አሳምሮ ስለማይችልበት፣ ከዚያው ካለመቻሉ የራሱ የሆነ ነገር ይወጣዋል ይላል፤ ነቀፋም ሙገሳም ነው።

የእኛ ሻንሻዳ ትርጉም ፊልም ነው። በየቪዲዮ ቤቱ የካራቴና የሕንድ ፊልም እያየ ላደገ የላንቻ ልጅ ነገሩ እንግዳ አይደለም። አንድ ሰው ማይክሮፎን ይዞ የውጭውን ፊልም ከላይ ይተርካል፤ ወንጀለኛ የሚያሳድደውን የኒውዮርክ ፖሊስ ቅጽል ስም አውጥቶለት የመርካቶ ልጅ ያደርገዋል፤ ምስሉ የማይለውን ያስብለዋል፤ ጀግናው ሲያለቅስ ይቀልድበታል። የፊልም ሐያስያን ስለዚህ ሥራ አንድ አንቀጽ ለመጻፍ እንኳ ይጸየፋሉ። እኔ ደግሞ ከብዙ ባለ ሽልማት ፊልሞቻችን ይልቅ የውጭን ነገር አላምጦ የዋጠው እሱ ነው እላለሁ። ተራኪው የባዕዱን ምስል አይፈራውም፤ ጨዋታውን ከአራዳ ልጅ ቀምቶ እንዳለ ይጭንበታል።

የውጭው ነገር ሳይታወቅ የገባው በሌላ በር ነው፤ በቪላው ሳሎን። ፊልም በቪዲዮና በዲጂታል ካሜራ መሠራት ከጀመረ ወዲህ የወጡትን የፍቅር ፊልሞችና ኮሜዲዎች ልብ ብሎ ላየ ቤቱ ያው ነው። መኪና የግቢ በር ላይ ደርሶ ጡሩምባ ይነፋል፤ ዘበኛው እየሮጠ ይከፍታል፤ መኪናው እስኪገባ እኛም አብረን እንጠብቃለን። ከዚያ ነጭ ሶፋ፣ የመስታወት ጠረጴዛ፣ አንድ ሰው የሚወርድበት ደረጃ። ሠራተኛዋ ጭማቂ በትሪ ይዛ ትገባለች። ተዋንያኑ ማንም ለማንም ጀርባ እንዳይሰጥ በግማሽ ክብ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ የመድረክ ቴአትር ልማድ ነው። ምክንያቱ ተራ ነው፦ ካሜራና መብራት ለማቆም ሰፊ ክፍል ያስፈልጋል፣ የመንገድ ጩኸት ድምፁን ያበላሻል፣ የቀበሌ ቤት ደግሞ ተዋናዩንና የካሜራ ባለሙያውን አንድ ላይ አይችልም። ይህን የማይረዳ ሐያሲ ሎኬሽን ሄዶ አያውቅም ማለት ነው።

መዘዙ ግን ተራ አይደለም፤ ድራማውን ራሱን ይለውጠዋል። ላንቻ ወይም ቂርቆስ አንድ ግቢ ውስጥ ብዙ አባወራ አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት ይጋራል፤ የጎረቤት ጠብ በግድግዳ በኩል ይሰማል። እዚያ የምታፈቅር ልጅ ምስጢር የላትም፤ እናቷ ሳትሰማ ቡና የሚጠጡት ሴቶች ሰምተው፣ ከንፈር መጠው፣ ተከራክረውበት ጨርሰዋል። የታሪኩ ጥያቄ «ማን ያውቅ ይሆን?» መሆኑ ቀርቶ «ሁሉም እያወቀ እንዴት ዝም አለ?» ይሆናል። ቪላው ውስጥ ጎረቤት የለም። ጎረቤት ከሌለ ምስጢሩ የሚወጣው በተረሳ ስልክ ወይም ደረጃ ሥር ቆሞ በሚያደምጥ ሰው ነው፤ ይህ ደግሞ የዓለም የሳሎን ድራማ ሁሉ መላ ነው። የቱርኩ ድራማ ሲመጣ ተመልካቹ ባይተዋር ያልሆነው ለዚህ ይመስለኛል፤ ቤቱን አስቀድመን ሠርተንለት ነበር። አማርኛውም በዚያ ቤት ይደርቃል። የሚጣፍጠው ዘበኛውና ሠራተኛዋ ሲናገሩ ብቻ ነው፤ ተረቱም ስድቡም ሽሙጡም ለእነሱ ተትቷል፤ እነሱ ደግሞ የተቀመጡት እንዲያስቁ ነው።

ይህን ሁሉ ከእኔ በፊትና ከእኔ በተሻለ ሊያስተምረን ይችል የነበረ ኢትዮጵያዊ ነበር። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ያስተማረው ተሾመ ገብርኤል እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው መጽሐፍ የሦስተኛው ሲኒማን፣ ማለትም የሦስተኛው ዓለምን የነፃነት ፊልም፣ ንድፈ ሐሳብ አዳብሯል። በሌላ ጽሑፉም የሦስተኛው ዓለም ፊልም ክሎዝ አፕን የሚቆጥበው ሰውን ከማኅበረሰቡ ስለሚነጥል መሆኑን፣ ሳይቆረጥ የሚረዝመው ሾትና ዝምታም የራሳቸው ትርጉም እንዳላቸው አስረድቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 አረፈ። በፈረንጅ አገር የፊልም ተማሪ ሁሉ ስሙን ያውቃል፤ አዲስ አበባ ላይ ስለ «ብሔራዊ ፊልም» የሚጻፈው አብዛኛው ግን እሱን ሳይጠቅስ ይጻፋል። ይህን ቸልተኝነት በሌላ ስም መጥራት አልችልም፤ ነውር ነው።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ የተማረው ኃይሌ ገሪማ በ1966 ዓ.ም. ክረምት፣ ዙፋኑ ሲንገዳገድ፣ መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጸ። ባለ 16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ባለርስቱ ደጁ ላይ ተቀምጦ ይሳደባል፣ ያዝዛል፣ ይራገማል፤ ካሜራው ወደ ፊቱ ለመቅረብ አይቸኩልም። ስድቡ ሲረዝም ጆሯችን ይደክማል፤ ያኔ እንደ ጭሰኛው መስማት እንጀምራለን። ከላቲን አሜሪካ ፊልም የተማረውን ትዕግሥት በእርሻው ልክ ሰፍቶታል። ከዚህ ፊልም የበለጠ በውጭ ትምህርት የተገራ ፊልም የለንም፤ ከዚህ የበለጠ ኢትዮጵያዊም የለንም። ደጋግሜ አይቼው አንድም ቀን አልሰለቸኝም።

ከዚያ በኋላ ፌስቲቫል የዞሩት ሥራዎች በዚህ ሚዛን ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ካን የተጋበዘው የያሬድ ዘለቀ «ላም» (ስሙ እንግሊዝኛ ነው፤ በግ ነው የምናየው) ተራራው እጅግ ያምራል፤ አንዳንዴ ከባለታሪኩ ልጅ ይልቅ ለእንግዳ ዓይን ያምራል። ሄርሞን ኃይላይ በዚያው ዓመት የታክሲ ሹፌርና የሴተኛ አዳሪ ፍቅር ይዛ ስትመጣ ግን ከሳሎኑ ወጥታ ጎዳናውን፣ የታክሲውን ወንበርና ጠባቡን ክፍል መረጠች። ታሪኩ የት አገር እንዳልተሠራ መቁጠር ይቀላል፤ ሆኖም ሰዎቿ ሲነጋገሩ የሚሰማቸው ሰው በአጠገባቸው አለ።

የእሷን መንገድ የሚከተል ዳይሬክተር ይቸኩል። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. በሰፊው ፈርሷል፤ የጋራ ቧንቧ ያለው ግቢ ከመሀል ከተማው እየጠፋ ነው። ከእንግዲህ ያንን ግቢ የሚፈልግ ሰው እንደ ታሪካዊ ፊልም ሠሪ ግቢውን አሠርቶ ይቀርጸዋል፤ ወጪውም ከቪላው ኪራይ ሳይበልጥ አይቀርም።