ቀላል ጥያቄና የሊቃውንት ጉባኤ፦ የ1964ቱ የትምህርት ዘርፍ ጥናት በውርጌሳ ሚዛን

በ1964 ዓ.ም. የተካሄደውና በተለምዶ «ሴክተር ሪቪው» እየተባለ የሚጠራው የትምህርት ዘርፍ ጥናት፣ በአገራችን የትምህርት ታሪክ ብዙ ዕውቀት ከተሰባሰበባቸው ሥራዎች አንዱ ነው። የትምህርት ሚኒስቴርና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ከዩኔስኮ፣ ከዓለም ባንክና ከሌሎች ድርጅቶች ከመጡ አማካሪዎች ጋር በ14 ግብረ ኃይሎች ተደልድለው ሠርተውበታል። ይሁን እንጂ ጥናቱ በታሰበው መልክ ሥራ ላይ ሳይውል ቀርቷል። የዚህ ግምገማ ዓላማ የሊቃውንቱን ዕውቀት መንቀፍ ሳይሆን፣ ብልሆች በተሰበሰቡበት ሥራ ቀላል ጥያቄ የሚያነሣ አመራር ሲጓደል የሚደርሰውን ጉዳት መመርመር ነው።

በመጀመሪያ፣ ጥናቱ የተነሣበት ችግር እውነተኛ እንደ ነበር ልብ ሊባል ይገባል። በዚያን ዘመን ከትምህርት ቤት ውጭ የሚቀረው ሕፃን ከሚገባው እጅግ ይበዛ ነበር፤ ትምህርት ቤቱም ወደ ከተማ ያደላ ነበር። ጥናቱ ያቀረበው መፍትሔ ለሕፃናት ሁሉ የሚዳረስ፣ ከገጠሩ ኑሮ ጋር የተያያዘ የአራት ዓመት ትምህርት ነው። ለጥቂቶች ብዙ ከመስጠት ለሁሉም ጥቂት መስጠት ይሻላል እንደ ማለት ነው። ሐሳቡ ፍትሐዊ ነው፤ ቀላልም ይመስላል።

ነገር ግን አንድ ሐሳብ በወረቀት ላይ ቀላል መሆኑና ኑሮው ለሚነካበት ሰው ግልጽ መሆኑ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልዩነቱን ለመረዳት ጥናቱን ከአዲስ አበባ አውጥቶ በአንዲት የመንገድ ዳር ከተማ መመዘን ይበቃል። ውርጌሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ በውጫሌና በመርሳ መካከል፣ በሀብሩ ወረዳ ትገኛለች። በዙሪያዋ ያለው ገበሬ ማሽላና ጤፍ ያመርታል። ይህ ገበሬ ልጁን ከከብት ጥበቃና ከአረም ነጥሎ ወደ ትምህርት ቤት የሚልከው፣ ልጁ ከእርሻ ሌላ የእንጀራ መንገድ እንዲያገኝ ብሎ ነው። እንዲህ ላለው አባት «አብዛኛው ልጅ ከአራተኛ ክፍል በኋላ ወደ እርሻው ይመለሳል» ቢባል፣ «እርሻማ ከኔ ይማር የለም ወይ?» ብሎ ቢመልስ የሚያስደንቅ አይሆንም። በ1965 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረሀብ የተፈናቀለውን ሕዝብ ወደዚሁ አውራ ጎዳና ሲያወጣው፣ የአባት ሥጋት ከንቱ አለመሆኑ ታይቷል። ይህን ጥያቄ አስቀድሞ ለመጠየቅ ሊቅነት አያስፈልግም ነበር፤ የሚያስፈልገው የሚጠይቅ መሪ ነበር።

ሁለተኛው ቀላል ጥያቄ «ይህን ማን ይፈጽመዋል?» የሚል ነው። መልሱ መምህሩ ነው። ሆኖም ጥናቱ በ1964 ዓ.ም. ቢጠናቀቅም፣ ሰነዱ እስከ የካቲት 1966 ዓ.ም. ድረስ ለሕዝብ ሳይገለጥ ቆየ። በመካከሉ ወሬ የሰነዱን ቦታ ያዘ፤ መምህራን ደመወዛችን ይቀነሳል፣ ወላጆችም የልጆቻችን ዕድል ይዘጋል ብለው ሠጉ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም አፈጻጸሙን ለማዘግየት ተገደደ። ይኸው ቀውስ ከሌሎች የሕዝብ ጥያቄዎች ጋር ተዳምሮ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ለተፈጸመው የዘውድ ሥርዓት መውደቅ አስተዋጽኦ አድርጓል።

ጥፋቱ ሰነዱን የደበቀው መንግሥት ነው እንጂ የአጥኚዎቹ አይደለም የሚል ክርክር ሊቀርብ ይችላል። ክርክሩ ከፊል እውነት አለው። ነገር ግን እያንዳንዱ ግብረ ኃይል በየድርሻው ትክክለኛ መልስ ቢያገኝም፣ 14 ትክክለኛ መልሶች ተደምረው አንድ ትክክለኛ መልስ አይሆኑም። ድምሩን በወላጅና በመምህር ዓይን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። የመሪ ተግባርም ከሊቆቹ በላይ ሊቅ መሆን ሳይሆን ይኸው ነው።

ለማነጻጸር ያህል ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መመልከት ይቻላል። የዘመቻው ግብ ማንበብ፣ መጻፍና ማስላት ስለ ነበር፣ ከሚኒስትሩ እስከ ገበሬው ማንም በአንድ ቃል ሊናገረው ይችል ነበር። ለሥራውም በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሰጥቶታል። ይሁንና በዚህም ቢሆን አንድ ቀላል ጥያቄ በበቂ ሁኔታ ሳይመለስ ቀርቷል፤ ይኸውም «ማንበብ የቻለው ሰው ነገ ምን ያነባል?» የሚለው ነው። የሚነበብ ጽሑፍ ባልደረሰበት ቦታ ብዙ ሰው የተማረውን ፊደል ረስቷል። ስለዚህ ቀላል አስተሳሰብ ማለት በቀላሉ መርካት አይደለም፤ ግልጹን ጥያቄ እስከ መጨረሻው መከተል ነው። ስሌቱንና ትንበያውንም አይተካም፤ ስሌቱ ለማን እንደሚሰላ ያሳስባል እንጂ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚለው ብሂል ለትምህርት ዕቅድም ይሠራል። በውርጌሳ መምህራንን የሚመራ ርእሰ መምህርም ሆነ በዋና ከተማ የባለሙያ ቡድን የሚመራ ኃላፊ፣ ዕቅዱ ከመጽደቁ በፊት እያንዳንዱ ባለሙያ የድርሻውን ፍሬ ነገር በወላጆች ስብሰባ ሊነገር በሚችል አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲያቀርብ ማድረግ ይኖርበታል። ከዚያም ዐረፍተ ነገሩን ለወላጆቹ ነግሮ መልሳቸውን መስማት ይገባዋል። ሴክተር ሪቪው የጎደለው ይህ መልስ ነበር።